ውሃ የመጣ ዕለት

ልጄ ልደት፣ እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃው ብቻ ጉልበቴን አስቸግሮታል።

ጎረቤቴ ጀማነሽ ማክሰኞ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጅሽ እኮ ረሳችሽ» አለችኝ። ዋጥ አድርጌው ወደ ቤቴ ገባሁ። ሐሙስ እሷ ደምበል ለገበያ ሄዳ ሳለ ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ መጣ። ውሃ ሲመጣ መደዋወል ልማዳችን ነበር። እኔ ግን ስልኬን አስቀምጬ በርሜሉን ሞላሁ፤ ብርድ ልብስ ሳይቀር አጠብኩ። ውሃው ከሄደ በኋላ ባዶ ጄሪካን ይዛ መጣች።

«ምነው ሳትደውዪልኝ?»

«ረሳሁሽ» አልኳት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

የሚጠጣ ቀድቼ ሰጠኋት፤ ለልብሷ ግን ጠብታ አላገኘችም።

የረገጥሽው ይለምልምልሽ፤ ብርዱን ተጠንቀቂ። እባክሽ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ደውዪልኝ፤ ጀማነሽ አጠገቤ ትሆናለች፤ ስልኩን ላውድ አደርገዋለሁ።

እናትሽ