አሳባቂዋ ሶኬት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም በጥሪ መሃል ኢንተርኔቱ ሄደ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?» ብሎ፣ እኔ ለታማሚው ላስተረጉም አፌን ስከፍት... ድርግም። አለቃዬ ደወለች። «ሁለተኛሽ ነው። ከደገመሽ ሥራውን ለሌላ አስተርጓሚ እሰጠዋለሁ።»

ምን ላድርግ? ሳሎን ወጥቼ ከአባዬ ጋር ቁጭ አልኩ። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ስማርት ሶኬት ገዛሁ። ራውተሩን እሷ ላይ ሰካሁት። ኢንተርኔት ሲጠፋ ራሷ አጥፍታ ታበራዋለች። መቼ እንደሄደ፣ መቼ እንደመጣ፣ ሁሉንም ስልኬ ላይ ትመዘግባለች። አባዬ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። ዕድሜ ልኩን ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ማን ያሳምነው!

«እና ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ትነግርሻለች?»

«ኧረ ስለ ኢንተርኔቱ ብቻ ነው።»

«አሳባቂ ናት በይኛ!»

ስም ወጣላት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዓርብ፣ ሰኞ፣ ዛሬ። ሁሌም ጠዋት አራት ሰዓት ላይ! ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና። ሰዓት የሚያከብር ብልሽት አለ እንዴ? ደግነቱ አለቃዬ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የአራት ሰዓቱን ጥሪ ለሌላ ሰጥታልኛለች። እስከ ዓርብ ብቻ።

የመስመር ሠራተኛውን ጠርቼ መዝገቡን አሳየሁት። «እህቴ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው። ተመልከቺ፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ሶኬቷ በርታለች፤ ራውተሩ ግን ምንም መብራት አይወስድም። ገመዱን የሚነቅል ሰው አለ።»

ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኩ። አራት ሰዓት ሲሆን አባዬ ቀስ ብሎ መጣ። ጎንበስ አለ። ነቀለ። ከዚያ ሄዶ እኔ የምቀመጥበትን ትራስ አስተካከለ።

ዘልዬ ወጣሁ። «ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው እንዴ?»

ትራሱን እንደያዘ ቀና አለ።

«ምን ላድርግ ልጄ? ሲሄድ ትመጫለሽ። ሲመጣ ትሄጃለሽ።»

ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ቃል ለማላውቀው ሰው አቀብላለሁ። አባቴ እኔን ለማግኘት ገመድ ይንቀል? አፈርኩ። እንዴት እንደምወደው... ለካ ይህን እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኳት። ሳቀች። «አራት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ውጪ። ከምሳሽ ላይ ይቀነሳል» አለችኝ። አባዬም ገመዱን ላይነካ ቃል ገባ። «ካላመንሽኝ አሳባቂዋን ጠይቂያት!»

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ስለ እማዬ አወራኝ። ሳይጋቡ በፊት አንዲት ሬዲዮ በወር ሦስት ጊዜ እያመጣች ታስጠግነው ነበር። አንድ ቀን ቢከፍታት ሽቦው በመቀስ ተቆርጧል!

«ታዲያ ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? እኔም አጥብቄ አልጠግንላትም ነበር።»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ክፍሌ ገብቼ ስልኬን ሳይ፣ ከአራት ሰዓት ከአምስት እስከ አራት ሰዓት ከሃያ ሰባት ኢንተርኔት አልነበረም። የምሩን፣ ከመስመሩ። ሁለታችንም አላወቅንም።