ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ዛፎች

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው? ባልሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቋ አሁንም ጸጉሬን አትንኩ ትላለች? እናታችን ደህና ናት። ጆሮዋ ከበድ ብሏል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። የልጆቼ አባትም ደህና ነው፤ ጠዋት ዱላውን ይዞ ደኑን ሊጠብቅ ይወጣል፣ ማታ ጭቃውን ይዞልኝ ይገባል። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልናፈቅሽኝም። እንዲያውም ዓይኗን ባላየው ብዬ ነበር። ነገሩን ልጻፍልሽና ከሆዴ ይውጣ።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈላት ብለሽ አትጨነቂ፤ የራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ ልብስ የማጥብበት ማረፊያ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ነበረች የምትጽፍልኝ። ፊደሉን ከስኳር መጠቅለያና ከሳሙና ካርቶን ላይ ለቃቅሜ ተማርኩት፤ ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም። አንቺም አታውቂም፤ ለዚህ ይሆናል ስለ ኮረብታዎቻችን የጻፍሽውን መጽሐፍ ለእኔ ያልላክሽልኝ። የማረፊያችን ባለቤት ግን ሃያ አስመጥቶ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ደርድሮታል።

አንድ ቀን አንሶላ ልቀይር ክፍል ስገባ፣ አንድ እንግዳ ዝናብ የመታውን ጫማ ሊያደርቅበት ከመጽሐፍሽ ገጽ ቀድዶ ጫማው ውስጥ ጎስጉሶት ኖሮ፣ ጨምድዶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጥሎታል። አነሳሁት። ማጠቢያው ክፍል ወስጄ በካውያ ተኮስኩት። ግማሽ ገጽ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሰባተኛው ቦታ። በተሰነጠቀው ቋጥኝ መሃል በጎን ገብተው ሲወጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያገኛሉ። ውሃው ይሰማል እንጂ አይታይም። ከሰባቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ወደዚህ የመራኝ» እዚያ ላይ ተቀዷል።

እህቴ፣ ያ ድንጋይ ባለቤቴ ላግባሽ ያለኝ ቦታ ነው። ያኔ አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ። «ከአንቺ በፊት ሰው አላመጣሁበትም፣ ከአንቺም በኋላ አላመጣም» አለኝ። ስንመለስ መንገዱ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ፣ መልሼ አሳየኝ ማለቱም አሳፍሮኝ፣ ከኋላው ቀረት እያልኩ ከቀይ ሻሼ ጠርዝ እየቀደድኩ በየቅርንጫፉ አሰርኩ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባባራ ቁጥር ከማረፊያው አሮጌ መጋረጃ ቁራጭ እየወሰድኩ አድሰዋለሁ። እሱም አይቷል፤ አንድም ቀን ነገሩን አንስቶት አያውቅም።

እና «የመራኝ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ማን ይመጣል? የዛሬ ሁለት ዓመት መጥተሽ አምስት ቀን ከባለቤቴ ጋር ዳገት ስትወጡ ቁልቁለት ስትወርዱ፣ እኔ ክንዴን አረፋ ውስጥ ነክሬ ሳቃችሁን በመስኮት እሰማ ነበር። እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ሆነሽ ገብተሽ «እትዬ፣ ጋሼ እኮ እንዲህ ቀልደኛ ነው፤ ለምን ደበቅሽን?» አልሽኝ። ሳቅሁልሽ። ከእኔ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ አሥር ጊዜ አላሳቀኝም። ያ ሳቅ ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ ግማሽ ገጹን ሳነብ ተነስቶ ቆመ።

ሦስት ሳምንት አላናገርኩትም። ምን ሆነሻል ሲለኝ ምንም። እናታችን ደግሞ «ይቺ ልጅ ምን ውጣ ነው የተዘጋችው?» እያለች ለጎረቤት ታሰማለች። የእንግዳውን ሁሉ አንሶላ እየተኮስኩ የእሱን ሸሚዝ እንደተጨማደደ ሰጠሁት። የሥራ ጓደኞቹ «ምነው፣ ላም አላምጣ ተፋችህ?» ብለው ሲስቁበት፣ «ሚስቴ ሥራ በዝቶባት ነው» አላቸው አሉ። ይህንንም ሰምቼ አላዘንኩለትም።

በመጨረሻ አላስችል ቢለኝ እንግዳ ተቀባይዋን መጽሐፉን ስጪኝ አልኳት። «ሥዕሉን ልታዪ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ከማጠቢያው ክፍል መስኮት ሥር ቆሜ ሰባተኛውን ፈለግሁ። «ወደዚህ የመራኝ በየዛፉ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ነው። ማን እንዳሰረው አላወቅሁም። የደኑን ጠባቂ ብጠይቀው፣ በዚያ በኩል መንገድ የለም፣ ገደል ነው ብሎኝ ነበር። እሱ በሌለበት ጨርቁን ተከትዬ ብቻዬን ደረስኩ።»

ያልታጠበው ልብስ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። የመራሁሽ እኔው ነኝ።

ያን ቀን ማታ አራት ሸሚዝ ተኩሼ ሰቀልኩለት። አይቶ «ሰርግ አለ እንዴ?» አለኝ። እህቴን ለምን ገደል ነው አልካት አልኩት። ጫማውን እየፈታ «ለሰው ሁሉ ገደል ነው ስል ኖሬ፣ ለእሷ ምን ብዬ ልቀይረው?» አለኝ።

ቅናቴ ግን አለቀ እንዳትዪ። ከእሱ ተነስቶ አንቺ ላይ አረፈ። ሽፋኑ ላይ «ማንም የማያውቃቸው ሰባት ቦታዎች» ብለሻል። ከሰባቱ አንዱ ያደረግሽው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ዛፍ ውስጥ በልጅነትሽ ተቀርቅረሽ ስታለቅሺ እግርሽን ይዤ ያወጣሁሽ እኔ አይደለሁም? ሌላኛውን፣ ምንጩንስ ከእኔ ጀርባ ላይ ሆነሽ አይደል ያየሽው? እኔ ማንም ነኝ? ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ ቋጠሮው ነው። እናታችን የልብስ ጥቅል የምታስርበት ነው፤ ለሁለታችንም ያስተማረችን። አንድ በአንድ እያየሽው ሄደሽ እንዴት እጄን አላወቅሽውም?

ባለ ማረፊያው፣ በሚቀጥለው ወር አሥራ አምስት ሰው ይዘሽ ሰባተኛውን ልታሳዪ እንደምትመጪ ነግሮኛል። ስድስቱን አሳዪያቸው፤ መኝታቸውን ራሴ አነጥፋለሁ። የሰባተኛውን ግን ባለፈው እሑድ ከባለቤቴ ጋር ሄደን ጨርቁን ሁሉ ለቅመነዋል። ሰው ይዘሽ ከጠየቅሽኝ፣ በዚያ በኩል ገደል ነው። ብቻሽን የመጣሽ ቀን እጅሽን ይዤ አደርስሻለሁ።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይል። ትልቋን ጸጉሯን ሳትነኪ ሳሚልኝ፣ ትንሹን ጉንጩን። እናታችን ጉልበትሽን በሞቀ ጨርቅ እሰሪው ትላለች። ጋሼሽም ሰላም ብሎሻል፤ ቀልድ አልላከም፣ እኔ ጋ ነው ያለው።

ከአንዱ ቅርንጫፍ ያወለቅሁትን ጨርቅ ወረቀቱ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ቋጠሮውን አልፈታሁትም። አሁን ደህና አድርገሽ እዪው።

ታላቅ እህትሽ
ከማረፊያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል
ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን