ምናልባት ያውቋት ይሆናል

ውድ እታለም፣

ባለፈው ሳምንት አየሁሽ። መንገድ ላይ አይደለም፣ ስልኬ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚለጥፍበት መተግበሪያ አንዲት ሴት አመጣና «ምናልባት ያውቋት ይሆናል» አለኝ። በሕይወቴ አንቱ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ስምሽን ቀይረሻል። ፊትሽም የለም፣ የሰው ጸጉር የያዘ እጅ ብቻ ነው። ግን አንጓሽ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ አወቅሁት። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ለእኔ ያሳየሽ ነገር ለእንጀራ አባታችንም ሊያሳይሽ ይችላል። እሱ አሁንም «የት እንዳለች ባውቅ በጸጉሯ ጎትቼ አመጣታለሁ» እያለ ይምላል።

መተግበሪያው እንዴት አወቀሽ ብዬ ብዙ አሰብኩ። እማዬ ቁጥርሽን የያዘችው «ልብስ ሰፊዋ» ብላ ነው፣ የኔም ስልክ ላይ እንደዚያው ነው። እንጀራ አባታችን ቤት እያለ ስትደውዪ «ቀሚሱ ደረሰ ወይ?» ብላ ትጮሃለች። ከዚያ ትረሳውና «ለመሆኑ በልተሻል?» ትላለች። ልብስ ሰፊዋን በልተሻል ወይ የሚል ደንበኛ የት አለ! አንድ ቀንማ «የኔንም ሱሪ ታሳጥርልኝ» ብሎ ቁጥርሽን ስልኩ ላይ መዘገበው። ሳይደውል ረሳው፣ እኛም ረሳነው። እሱን በስም አታለልነው። መተግበሪያው ግን የሚያየው ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው።

ትናንት ከሥራ ሲመለስ ጠራኝ።

«አንቺ ዝምተኛ፣ ነይ እስቲ ያንን የፎቶውን ነገር ጫኝልኝ። የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ እዚያ ነው።»

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጫንኩለት። መሃል ላይ ጥያቄ መጣ።

«ምን ይላል?» መነጽሩን አላደረገም።

«ስልክህ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ልይ ይላል፣ ጋሼ።»

«ይያቸዋ! እኔ ምን የምደብቀው አለኝ? የሚደበቅ ሌባ ነው!»

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

«አይፍቀዱ» የሚለውን ነካሁና «ፈቀድኩልህ» አልኩት።

«ተባረኪ» አለኝ።

እታለም፣ እውነቱን ነው፣ እሱ የሚደብቀው የለውም። ስልኩ ውስጥ ያለው ምስጢር ያንቺ ነው። እኔም «ማን ይፈልገኛል» እያልኩ ለጠየቀኝ መተግበሪያ ሁሉ «እሺ» ስል ነበር የኖርኩት። አንቺን የሚፈልግ መኖሩን አላሰብኩም።

ዛሬ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ቁጥርሽን ከስልኩ አጠፋሁት። ግን በዚህ አያበቃም። «የመጀመሪያ ጓደኛዬ አንቺ ነሽ» ብሎ ጓደኛ አድርጎኛል። አንቺን ጓደኛ ካደረግሁሽ በእኔ በኩል ያይሻል። ስለዚህ ስልክሽ ላይ ማስተካከያ የሚለውን ክፈቺና ቁጥርሽን የያዘ ሰው እንዳያገኝሽ አድርጊ። ለማንም እንዳትታዪ፣ ለእኔም ጭምር።

ይህን መጻፍ ከመጀመሬ በፊት እንደገና መጣሽ። «ምናልባት ያውቋት ይሆናል» አለኝ። ከሥር ሁለት ምርጫ አለ፤ «ጓደኛ ያድርጓት» እና «ያስወግዷት»። እጅሽን ብዙ አየሁት። የያዝሽው ጸጉር የማን ይሆን? አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እኔ ጸጉሬን ዝም ብዬ ወደ ኋላ ነው የማስረው፣ የኋላውን ራሴ መሥራት አልችልም። እማዬም እጇ ይከብዳል። ትምህርት ቤት «ምነው ዛሬም እንዲሁ?» ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ።

ከዚያ «ያስወግዷት» የሚለውን ነካሁ።

«እሺ፣ ከእንግዲህ አናሳይዎትም» አለኝ፣ በአክብሮት።

እማዬ ቅዳሜ «ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ ስትወጣ ይህን ወረቀት ይዛው በምትወጣው ቀሚስ መሃል አጥፌ እሰድልሻለሁ። እኔ እንደ ሁልጊዜው ቤት እጠብቃለሁ። ጸጉሬን ግን አላስቆርጥም። እስክትመጪ ይደግልሽ።

አላውቃትም ያለችሽ
ታናሽሽ