የጋሽ ኩምቢ ልብሶች

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ሰው ቢቆጣም ሰላምታ ሳያስቀድም ደብዳቤ እንደማይጽፍ አባቴ በኩርኩም አስተምሮኛል፤ እንዲያም ሆኖ ወገብሽን የጠየቅሁሽ ከልቤ ነው። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ከጤናዬ ሌላ ግን ደህና የሆነ ነገር የለኝም። ያልደወልኩልሽ ሦስተኛው ቃል ላይ መጯጯህ እንደምንጀምር ስለማውቅ ነው። መቅደድ ካማረሽም አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

በወንድምሽ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ሐሙስ ደረሰኝ። ልክ ልኬን ነግረሽኛል። ልጃችን ለዝሆን አሻንጉሊቷ የገዛሽላትን አዲስ ልብስ በመቀስ ከታትፋ አልጋ ሥር እንደጣለች፣ ይህንንም የተማረችው ቀኑን ሙሉ መቀስ ከእጁ ከማይለይ አባቷ እንደሆነ፣ ስለዚህ ሥርዓት እስክትይዝ ቅዳሜ እኔ ጋ መምጣቷ ለጊዜው እንደሚቆም ጽፈሻል። ይሄ "ለጊዜው" የሚሉት ነገር አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ስንለያይ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ተባብለን ነበር። ስንቱ ቅዳሜ በጉንፋን፣ ስንቱ በእንግዳ፣ ስንቱ በዝናብ እንደተበላ አንቺም እኔም እናውቃለን። የስድስት ዓመት ልጅ መቀስ ስላነሳች አባት ይቀጣል? ደሜ ፈላ። ያን ቀን የአንድ ታክሲ ወንበር ልብስ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጌ ሰፍቼ፣ ባለቤቱ እያየ መልሼ ፈታሁት።

እስቲ ስለዚሁ ዝሆን እንነጋገር። ልጅሽ ጋሽ ኩምቢ የምትለውን ማለቴ ነው፤ እሱን አንቱ ትላለች፣ እኔን አባቷን አንተ። የዛሬ ዘጠኝ ወር፣ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ከቀረች በኋላ፣ የጋሽ ኩምቢ ሆድ ተተርትሮ ጥጡ ወጣ። አንቺም ልጅቷ እየሰማች፣ እሺ ለማሰፋት ብቻ ውሰዳት ብለሽ ወንድምሽን ላክሽው። ሃያ ዓመት የመኪና ወንበር የሰፋ ሰው በዕድሜ የለቀቀ ስፌትና በስለት የተፈታ ስፌት ይለያል። ያ አንድ በአንድ የተፈታ ነበር። በእኔ የተናደድሽውን በአሻንጉሊት የተወጣሽው መስሎኝ መርፌዬን አነሳሁ።

ሆዳቸውን ሰፍቼ ስጨርስ ልጅቷ ይበርዳቸዋል አለች። ከወንበር የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ነበረኝ፤ ካፖርት ልስፋላቸው አልኩ። ቀላል እንዳይመስልሽ። የዝሆን ጭንቅላት በአንገት ቀዳዳ አያልፍም፣ ጆሮው ይይዛል። ሦስት ጊዜ ቆርጬ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ፣ በመጨረሻ ከጀርባ ከፍቼ በቁልፍ አደረግሁት። ከዚያ ሱሪ መጣ፣ ከዚያ ባለ ብዙ ኪስ የሥራ ቱታ። ወንበሩን የሚጠብቅ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የዝሆን ወገብ ስለካ ቢያየኝ፣ ወረፋው የእሳቸው ከሆነ ነገ ልመለስ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ስድስት ልብስ ሰፋሁ። ስድስቱንም ጊዜ ጋሽ ኩምቢ ራቁታቸውን ተመለሱ። ልብሳቸው የት ሄደ ስላት ጣራ ጣራውን ታያለች። ከአንቺ ሌላ የምጠረጥረው ሰው አልነበረኝም። ከቆሻሻ ጋር ስትጥይው እየታየኝ ስንት ቀን ረገምኩሽ መሰለሽ። በዚያ ላይ በደብዳቤሽ፣ የሱቁን ልብስ የገዛሁት አንተ እንዳትቸገር ብዬ ነው ትያለሽ። እንዳትቸገር። ከጻፍሽው ስድብ ሁሉ ያቺ ቃል ናት ያቃጠለችኝ።

ቅዳሜ እንዳልሽው ሳትመጣ ቀረች። ሰኞ ሥራዬን ዘግቼ፣ ከሩቅም ቢሆን ልያት ብዬ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። መምህሯ በሩ ላይ አግኝታኝ ስትፈልገኝ እንደሰነበተች ነገረችኝ፤ ወደ ክፍሏ ወስዳኝም ከጠረጴዛዋ መሳቢያ አንድ ፌስታል አወጣች። ካፖርቱ፣ ሱሪው፣ ቱታው፣ ስድስቱም እንዳሉ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። አደራ ብላ የሰጠቻት ልጃችን ናት። መምህሯ ለምን ብላ ብትጠይቃት፣ ጋሽ ኩምቢ ልብስ ካላቸው እኔን አባቴ ጋ አይወስዱኝም አለቻት። የሱቁን ልብስ የገዛሽ ቀን ደግሞ፣ ለመምህሯ እንደነገረቻት፣ በቃ አሁን ሁሉ ነገር አለው፣ አባትሽ ጋ መሮጥ ቀረ ብለሻታል። መቀሱን ያነሳችው በማግስቱ ነው።

ፌስታሉን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስወጣ፣ ያን ጊዜ የጋሽ ኩምቢን ሆድ በስለት የፈታችውም እሷው መሆኗ ገባኝ። ከዚያ ተናደድኩ። ባዳ የምታውቀውን እናት ሳታውቅ በመቅረቷ ተናደድኩ። በራሴም ተናደድኩ፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ አንቺን ስረግም፣ አንድ ቀን ልጅቷን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ወግ ባለው መንገድ አልጠየቅኋትም። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከሦስተኛው ልብስ ጀምሮ የክሩን ጫፍ አልቋጠርኩም። እኔ የሰፋሁት ወንበር ሾፌር አሥር ዓመት ቢቀመጥበት ስፌቱ አይለቅም። የዝሆን ሱሪ ግን ሆን ብዬ ነው ሳልቋጥር የተውኩት፤ አንቺ ቤት ሲተረተር ለማሰፋት ትልኪያታለሽ ብዬ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ ሙያዬን አዋርጄ ይህን አደረግሁ። አባትና ልጅ ሳንመካከር አንድ ሥራ ስንሠራ ከርመናል። ከአንተ ነው የተማረችው ያልሽውን አልከራከርሽም።

አሁን የምጠይቅሽን ስሚ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት በርሽ ላይ እቆማለሁ። ዝሆኑ ካፖርት ለብሶ ይምጣ፣ ራቁቱን ይምጣ፣ ቢፈልግም ቤት ተኝቶ ይዋል። ስለ መቀሱ ከዚህ በላይ እንዳትቆጪያት። ብቻ በሩን ከመክፈትሽ በፊት ቁጭ አድርገሽ፣ አባትሽ ጋ የምትሄጂው አባትሽ ስለሆነ ነው ብለሽ በራስሽ አፍ ንገሪያት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ በሩ ያንቺ መሆኑን ታውቃለች። ልጄ እኔን ለማየት የሚቀደድ ነገር መፈለግ የለባትም።

ፈጣሪ ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልሽ። ለእኔ ትዕግሥት፣ ለእሷ ደግሞ ሁለታችን የማንጯጯህበትን ቀን ይስጣት።

የልጅሽ አባት