ሩቅ ፕላኔት ላይ ያየሁት ቅጠል

ኅዳር 3

ዛሬም ያው። ከሩቅ ፕላኔት ተንጸባርቆ የመጣውን ብርሃን በየቀለሙ ስከፋፍል ዋልኩ። ቅጠል ካለ ያስታውቃል። ቀዩን ብርሃን ይበላል፤ ከቀዩ ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ግን ይመልሰዋል። ብርሃኑን የሚያሳየው የግራፍ መስመር እዚያ ጋ ብድግ ይላል ማለት ነው። እስካሁን ብድግ ያለ የለም... ሻይ ፍለጋ ከምነሳው ከእኔ በቀር።

ኅዳር 9

ብድግ አለ!!

ዓይኔን አሸት አደረግኩ። አሁንም አለ። አለቃችንን ጠራኋቸው። "አይመስለኝም" እንላቸዋለን፣ ከአፋቸው ስለማይጠፋ። አዩት፣ አዩት... "አይመስለኝም። እስቲ መጀመሪያ ፕላኔት የሌለውን ኮከብ በዚሁ መሣሪያ እዪው።" ምቀኛ!

ለእማዬ ደወልኩ። ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። እማዬን! ምን ነክቶኝ ነው?

ኅዳር 11

ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። አንዷ ጎረቤት ዘሩ ይገኝ እንደሆነ ጠይቃለች።

ጉዱ ግን አባባ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ስደውል "ደህና ነሽ? ቆይ እናትሽን ልስጥሽ" ነው፣ በቃ። ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ ስልኩን አልለቅም አለ።

"በአውቶቡስ ቢኬድ ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"አንደርስም አባባ።"

"መንገዱ ከፍቶ ነው ወይስ ርቆ?"

ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ አለቀስኩ። ጤና የለኝም?

ኅዳር 15

ፕላኔት የሌለውን ኮከብ አየሁ። መስመሩ ብድግ። ሌላ ኮከብ... ብድግ። በዚህ አያያዝ ሰማዩ በሙሉ ሰላጣ ነው። መሣሪያው ከተጠገነ ወዲህ ከቀዩ ወዲያ ያለውን ብርሃን እያጋነነ ነው። ጥፋቱ የመሣሪያው፣ ውርደቱ የኔ።

ለአይመስለኝም ነገርኳቸው። "ጎሽ" ብቻ አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባንስ ማን ይንገረው?

ኅዳር 16

አልደወልኩም። ፈሪ።

ኅዳር 17

"ቅጠሉ የለም አባባ። ተሳስቼ ነው።"

ቴሌቪዥኑን ሲቀንስ ሰማሁ። ከዚያ "እናትሽ አጠገቤ ናት" አለ። አለቀ... ወደ ድሮው ተመለስን።

ኅዳር 24

ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። አባባ! እሱ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ማን ታመመ ብዬ ክው አልኩ።

"ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?"

"ደህና ነን። ዛሬስ ምን አየሽ?"

"ምንም።"

"ምን ዓይነት ምንም?"

ይህን ስንት የሳይንስ ጉባኤ ተቀምጬ የጠየቀኝ የለም። ወንበሬን ሳብ አድርጌ "ስማኝማ አባባ..." ብዬ ጀመርኩ። አለቃዬ በበሩ ሲያልፉ ሰዓታቸውን አዩ። ይዩ!