ዛሬ ገና ማየቴ ነው

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ በየቀኑ እየደወልኩ ነርሷን እጠይቃታለሁ። ግራ ጎንህ ገና እንዳልተንቀሳቀሰ፣ ምግብ ግን መውሰድ እንደጀመርክ ነግራኛለች። ቀጥላ «እርስዎ ምናቸው ነዎት?» ስትለኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

ስለዚያ ቀን እኔም ያየሁትን ልንገርህ። አንተ ከመድረክ ነው ያየኸው፣ እኔ ከሦስተኛው ረድፍ።

ጠዋት እንደ ደንባችን አንተና ሹፌሩ የምትሃቱን ዕቃ ጭናችሁ ቀደማችሁ፣ እኔ በሕዝብ አውቶቡስ ተከተልኩ። ምሳ ሰዓት አንድ ምግብ ቤት ተገጣጠምን። አንተ ከሹፌሩ ጋር መስኮቱ ጥግ፣ እኔ ብቻዬን በሩ አጠገብ። «ወንድሜ፣ ጨው ታቀብለኛለህ?» አልከኝ። አቀበልኩህ። «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል ሹፌሩ ሳቁን በእጁ አፈነው። ለእኔ የምትለውን ሁሉ ለእሱ ጮክ ብለህ መንገር ልማድህ አይደል? «ይሄ ግራ እጄ ከጠዋት ጀምሮ ደንዝዞኛል» ስትለው ሰማሁ። ትርዒቱ ገደል ይግባ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ማለት ነበረብኝ። ግን የማያውቅህ ሰው ምን ቤት ነው? ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሥራዬ አንተን አለማወቅ ነው። በየከተማው እንደማንም ቲኬት ቆርጬ እገባለሁ። ግራ እጅህን ወደ ኮትህ ኮሌታ ስታነሳ፣ «እኔ ልውጣ» ብዬ እጄን አወጣለሁ። መድረክ ላይ «እንተዋወቃለን ወይ?» ትለኛለህ። «ኧረ በጭራሽ፣ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» እላለሁ። ከዚያ ሰዓቴን በመሐረብ ጠቅልለህ በመዶሻ ትቀጠቅጠዋለህ፤ ሰው ያዝንልኛል። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፦ ጣሪያው ቢደረመስ እንኳ ምልክት ሳልሰጥህ እንዳትነሳ።

ያን ቀን ከሰዓት መሐረቡን ይዘህ ዝም ብለህ ቆምክ። አፍህ ጠመም አለ፣ ተንገዳገድክ፣ ወደቅክ። ሰው የትርዒቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። እኔ ግን መውደቅ የሚባል ነገር በትርዒታችን እንደሌለ አውቃለሁ። እያወቅኩ ተቀመጥኩ። ግራ እጅህን እያየሁ ምልክቴን ጠበቅኩ። ለካ አልታዘዝ ያለህ እሱ ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይሉ የለ? እኔም ከጦጣዋ አልተሻልኩም።

አንዲት ሐኪም ከኋላ ሮጣ መጣች፤ የተነሳሁት ያኔ ነው። መድረኩ ላይ ስደርስ ዓይንህ ተከፍቶ ነበር። «ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

«ኧረ በጭራሽ፣ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

አሥራ አራት ዓመት ያለማመድከኝ ቃል ከአፌ አመለጠ። ልመልሰው ስል ሐኪሟ «እንግዲያው ዞር በል፣ አየር ያግኝ» ብላ ገፋችኝ። አንተ አየኸኝና ፊትህን ወደ መጋረጃው አዞርክ። አምቡላንሱ ሲመጣ እንደ ዘመድ አብሮህ የተሳፈረው ሹፌሩ ነው። እኔ መሐረብህን አንስቼ አጠፍኩት፤ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ሹፌሩ እንደሚለኝ የእኔ ነገር ሲነሳ ዓይንህን ትጨፍናለህ። አልፈርድብህም። መቀመጤን ሙያዬ ነው ብዬ ራሴን ማታለል እችል ይሆናል፣ ያንን ቃል ግን አልችልም። አፈርኩ፣ ወንድም ጋሼ። ይቅር በለኝ።

እሁድ በጠያቂ ሰዓት እመጣለሁ፤ ከሹፌሩ ጋር፣ በአንድ መኪና። ዘበኛው «የማን ጠያቂ ነህ?» ሲለኝ «የወንድሜ» እላለሁ፣ ነርሷም እንድትሰማ ጮክ ብዬ። ምልክት አልጠብቅም። ፊትህን ወደ ግድግዳው ካዞርክ ወንበሬን በግድግዳው በኩል አደርጋለሁ።

ይህን እዚህ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጽፌ ልፈርም ስል እንኳ የሚያየኝ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ፈረምኩ።

ታናሽ ወንድምህ