ስፈራ የሚስቀው ፊቴ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። ከት/ቤት መልስ

ዛሬም ተባረርኩ። 3ኛ ክ/ጊዜ፣ ፊዚክስ። የቤት ሥራ አልሠራሁም ነበር። መምህሩ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ለምን? አሉኝ። ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌ ያልበኛል። ፊቴ ግን... ታውቀዋለህ አይደል ደብተር? ፈገግ! ከንፈሬ ወደ ጆሮዬ ይሳባል። አልጠራሁትም፣ ራሱ ነው የሚመጣው። ልመልሰው ስታገል ይብስበታል። ጭራሽ ትስቅብኛለህ? ብለው በሩን አሳዩኝ።

ረምዚ ከጎኔ ብድግ አለ። "ቲቸር፣ ወላሂ እየሳቀ አይደለም። ሲፈራ ፊቱ እንዲህ ነው የሚሆነው።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱንም አስወጡት።

ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ አልን። በትከሻው ትከሻዬን ገጭ አደረገኝ፣ በቃ። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። አሁን 10ኛ ነን። እሱ የሐረሪ ልጅ፣ ጀጎል ውስጥ። እኔ ከግንቡ ውጭ፣ ከእማዬ ፀጉር ቤት ጀርባ። ቤታችን ይለያያል እንጂ ብዙ ማውራት አያስፈልገንም። ቅንድቡን ሲያነሳ እንሂድ ማለቱ ነው። አፍንጫውን ሲነካ መምህሩ መጡ።

አያቱ ታመዋል። እሱ ባባ ይላቸዋል፣ እኔም ለምጄ ባባ እላቸዋለሁ። መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የዩኒፎርሜን ሱሪ ያሳጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ እንዴት ዋሉ ብዬ ረምዚን ጠየቅኩት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና መልሶ አሰረ። ሁለቴ። ሌላ አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። 11 ሰዓት ገደማ

ባባ አረፉ።

ረምዚ ጠዋት አልመጣም። በእረፍት ሰዓት ሰማሁ። ቀብራቸውም ዛሬውኑ ሆነ። ከት/ቤት በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ብቻዬን። እማዬን መጠበቅ ነበረብኝ፣ አልጠበቅኳትም።

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

በሩ ላይ ጫማ በጫማ ነው። ገባሁ። ወንዶቹ መደቦቹ ላይ ሞልተዋል፣ ቁርኣን ይቀራል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ረምዚ በአባቱና በአክስቱ ልጅ በኢልያስ መካከል ተቀምጧል። ኢልያስ ትልቅ ነው፣ ድሬዳዋ ነው የሚሠራው፣ ብዙም አያውቀኝም። ረምዚ ቀና አለ። ዓይኖቹ ዓይኖቼን ያዙ። ከዚያ...

ሳቀ። ፊቴ ሳቀ። ጥርሴ እስኪታይ! በሕይወቴ እንዲህ አዝኜ አላውቅም፣ እንዲህ ስቄም አላውቅም። በእጄ አፌን ሸፈንኩ። ያ ደግሞ ባሰ፣ ሳቁን የምደብቅ መሰለ። ኢልያስ አየኝ። ወደ ረምዚ ጠጋ ብሎ በሐረሪ አንድ ነገር አለው። ቃሉ አልገባኝም። በአገጩ ወደ እኔ መጠቆሙ ግን ገባኝ።

ረምዚ አንገቱን ደፋ። ምንም አላለም።

የት እንደምቀመጥ ያሳየኝ የለም። አላህ ያጽናችሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ። በጠባቧ መንገድ ወደ ሸዋ በር በሩጫ። የባጃጅ ሾፌር ምን ያስቅሃል? አለኝ። አሁንም እየሳቅኩ ነበር ማለት ነው!

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ረምዚ አልመጣም። መልእክት ጻፍኩለት፣ አጠፋሁት። ረጅም ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። በመጨረሻ አንድ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ላክሁ። አየው። መልስ የለም።

ከዚያ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። ስክሪኑ ላይ የሚያለቅሰው ፊትና በሳቅ የሚያነባው ፊት ከሩቅ አንድ ናቸው። የቱን ነው የላክሁት? አጉልቼ አየሁ። የሚያለቅሰውን። ተመስገን። ግን እሱ አጉልቶ ያየዋል? እንኳን ስልኬ ላይ ያለው፣ አንገቴ ላይ ያለውም አልታመነልኝም።

ከሰዓት ፀጉር ቤት። ደንበኛ ያለ አልመሰለኝም። መስታወቱ ፊት ቆሜ ሐዘን ተለማመድኩ። ቅንድብ ወደ ታች፣ ከንፈር ወደ ታች። ጥርሱን ያመመው ሰው መሰልኩ። ደግሜ ሞከርኩ። የታኘከ መፋቂያ መሰልኩ። ለካ አንዲት ሴትዮ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠው ያዩኝ ነበር፣ አላየኋቸውም። በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅኩ። በእውነት ይሁን በፍርሃት አላውቅም። እኔ ራሴ መለየት አቅቶኛል፣ ደብተር። ይኼ ያስፈራል።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

መጣ! ግን ከጎኔ አልተቀመጠም። ቦርሳውን ይዞ ቀጥታ ወደ ኋላ ወንበር። ሲያልፍ ዓይኑ በላዬ ላይ አለፈ፣ ልክ እንደ ባዶ ወንበር።

ክፍሉ ሁሉ አየ። የኋላ ልጆች መንሾካሾክ ጀመሩ። እኔም ዕቃዬን ሰብስቤ መስኮቱ ጥግ ሄድኩ። የድሮ ወንበራችን መሐል ላይ ባዶውን ቀረ። ማንም አልተቀመጠበትም፣ ሟች ያለበት ይመስል።

በእረፍት ኳስ ተጫወተ። ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ጎል ሲያገባ ማሊያውን አውልቆ ሮጠ። አያቱ ከሞቱ ሳምንት አልሞላቸውም። ልጆቹ ምንም አልመሰለውም አሉ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ደህና ነው ማለት ነው። ከሁሉም ጋር ደህና ነው፣ የጠላው እኔን ብቻ ነው።

ተናደድኩ። አዎ፣ ተናደድኩ! አምስት ዓመት ሙሉ ፊቴን ሲያነብ የኖረ ልጅ አንድ ቀን ማንበብ ያቅተዋል? ከክፍል ስንወጣ በሩ ላይ ተገጣጠምን። እሱ መሬት አየ፣ እኔ ሰማይ አየሁ። ተላለፍን።

ምሳዬን አልበላሁም። እንጀራውን ቆራርጬ ትቼው ተነሳሁ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያየሁትን ስማ።

ኳስ ላይ ረምዚ አንድ ልጅ ጠለፈ። ኳሱን ትቶ እግሩን። ልጁ ተነስቶ ገፋው፣ ረምዚ በቡጢ መታው። ስድስት ሆነው ለያዩአቸው። ያኔ ረምዚ መሳቅ ጀመረ። ሁለት ልጆች ክንዱን ይዘውት ይስቃል። ልጆቹ አብደሃል እንዴ አቦ? አሉት። አላቆመም። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። አፉን ትቼ ጉሮሮውን አየሁ። ጉሮሮው ሊውጠው ያልቻለው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ዓይኑ ደግሞ ደረቅ፣ ቀይ።

ያ ሳቅ የእኔ ሳቅ ነው። አወቅኩት።

ደህና አይደለም። መቼም ደህና አልነበረም። እኔ ደግሞ ፊት እንደሚዋሽ ከማንም በላይ የማውቀው፣ ሳቁን እንደ ሰው ሁሉ አመንኩት።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ለእማዬ ነገርኳት። ሁሉንም። አባዬ በመኪናው መስመር ወጥቷል፣ ለእሱ በስልክ የሚነገር አይደለም። እማዬ ፀጉር እየጠቀለለች ሰማችኝ፣ ቀና እንኳ አላለችም። እሺ፣ እሺ ብቻ። የምትሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።

ደንበኛዋ ስትሄድ ተቀመጠች። እኔ እኮ ፊትህን ማየት የተውኩት ገና ሕፃን ሳለህ ነው አለች። የምታየው እግሬን ነው። ሲከፋኝ የግራ እግሬን በቀኙ እረግጣለሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ረግጬዋለሁ!

ሰው ሁሉ እግሬን አያይም እማዬ፣ አልኳት። "ለማያየው ታዲያ ንገረው፣ አፍ ለምን ተሰጠህ?" አለችና ፎጣ ልታጥብ ተነሳች። ቀላል ይመስላታል። ለእሷ ቀላል ነው።

ሄጄ ላናግረው? ቢያባርረኝስ? ሲያባርረኝ ብስቅስ?

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ከመምሸቱ በፊት

ሄድኩ።

ቤቱ አልነበረም። መኪና ግርግር አገኘሁት። የባባ ሱቅ ተዘግቷል፣ እሱ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ግራ ቀኙ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ። አየኝ። አልተነሳም፣ ፊቱንም አላዞረም። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፊቴ ጀመረኝ። ወደ መንገዱ አዙሬው ነው ያወራሁት።

"የዛን ቀን አልሳቅኩም" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"ዋሪያ፣ ፊትህን አላውቀውም እንዴ? ገና ስትገባ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ታኮርፈኛለህ? ስምንት ቀን ሙሉ!"

ጥፍሩን በላ። ቆይቶ፣ "አላኮረፍኩም። አፍሬ ነው" አለ። "ኢልያስ፣ ይኼ ጓደኛህ ሊስቅብን ነው የመጣው? አለኝ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። ለፊዚክሱ ቲቸር እንኳ ያልኩትን ለእሱ ማለት አቃተኝ። አፌ ተያዘ። አንተ ስትወጣም አየሁህ። ከዚያ በኋላ አንተን ማየት... አቦ፣ በምን ዓይኔ ልይህ?"

እኔ ጥላቻ ነው ያልኩት። ወደ ኋላ ወንበር መሄዱ፣ መሬት ማየቱ። ሁሉም እፍረት ነበር። አንዱንም በትክክል አላነበብኩም።

"ደግሞ አላለቀስኩም" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አባዬ እንኳ አልቅሷል። እኔ አንድ ጠብታ የለም። ኳስ ስመታ ብቻ ነው ትንሽ የሚለቀኝ። ሰው ደስ ብሎት ይጫወታል ይላል አይደል?"

"ይላል" አልኩት። "እኔም ብያለሁ።"

ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አየው። እየሳቅኩ ነበር፣ በደንብ አድርጌ። "በጣም አዝነሃል ማለት ነው" አለኝ።

ልንለያይ ስንል አያቱ፣ ኡማ የሚሏቸው የባባ ሚስት፣ ያ ልጅ ለምን ጠፋ እያሉ እንደሚጠይቁ ነገረኝ። ነገ ከጁምዓ በኋላ ና አለኝ። ኢልያስም አለ። ለኢልያስ እኔ እነግረዋለሁ አለ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን አሁን እየተጸጸትኩበት ነው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ። ጠዋት

አልሄድም። ብሄድ ኡማ ፊት እስቃለሁ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ፊት! ታምሜያለሁ ብዬ ልላክበት?

ከቁርስ በኋላ። እሄዳለሁ። ወስኛለሁ። ፊቴን አልታገለውም፣ የፈለገውን ያድርግ። አፌ ግን ይቀድመዋል። ገና ደጁን ስረግጥ እናገራለሁ። ረምዚ ስለ እኔ እንዲናገር አልጠብቅም።

12 ሰዓት ሊሆን ሲል

አሁን መመለሴ ነው።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ኡማ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኢልያስ ፊት ለፊት መደቡ ላይ እግሩን ዘርግቷል። ረምዚ ከኋላዬ ነው። ፊቴ መሳብ ሲጀምር ተሰማኝ። ቶሎ አልኩ፦

"ኡማ፣ እኔ ሲጨንቀኝ ፊቴ ይስቃል። ከድሮም እንዲህ ነው። እርስዎን አይደለም፣ ማንንም አይደለም። በጣም አዝኛለሁ። ባባን እወዳቸው ነበር።"

ድምፄ ቀጠነ። ጥርሴ ሁሉ ወጥቷል። ኡማ ረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

"የእኔም ዓይን ደርቋል፣ ልጄ" አሉ። "ሰዉ ሲገባ ሲወጣ ያየዋል። እንግዲህ አላዘነችም ይበሉኝ?"

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ዞርኩ። ረምዚ በሩን ይዞ እያለቀሰ ነው። ትከሻው እየተርገፈገፈ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። ኡማ እጃቸውን ዘረጉለት፣ እሱ ግን መንቀሳቀስ አልቻለም። ክንዱን ይዤ አመጣሁት።

ኢልያስ እኔን አየ፣ እሱን አየ። ጆሮው ቀላ። ይቅርታ አላለም። የዘረጋውን እግር ሰበሰበና ወደ ጥግ ተጠጋ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀ። ትራሱንም በእጁ መታ መታ አደረገው።

ረምዚ እያለቀሰ፣ እኔ እየሳቅኩ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን።